የአባቴ ሳንቲም እውነተኛ ነው?

ባለፈው እትም ስለ ጠገራ ብር ከጻፍኩ ወዲህ ብዙ ደብዳቤ መጣልኝ። ግማሹ ግን የሚጠይቀው ስለ ቻይና ሳንቲም ነው። ለወሎ ሰው ይህ አይገርምም። ከወልድያ ወደ ወረታ የሚወስደውን መንገድ ዛሬም "የቻይና መንገድ" እያልን ነው የምንጠራው። ኮምቦልቻም ላይ ቻይናዊ ሠራተኛ ማየት ብርቅ መሆኑ ከቀረ ቆይቷል። ሰው ካለ ስጦታ አለ። በየቤቱ መሳቢያ ውስጥ መሃሉ የተበሳ ሳንቲም የሚገኘውም ለዚህ ነው።

ለአዲስ አንባቢ፦ እኔ ደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ ብርና ወርቅ እሠራለሁ። የቆየ ሳንቲም መሰብሰብ ከጀመርኩ ከ30 ዓመት በላይ ሆኖኛል። ዛሬ አምስት ደብዳቤ እመልሳለሁ። የመጀመሪያው ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እቆያለሁ፤ ሳንቲሙን በእጄ ይዤ ስላየሁት።

ከጋሸና

"ጋሼ፣ እንደምን ሰነበቱ? አባቴ በደርግ ጊዜ የቻይና መንገድ ሲሠራ የቀን ሠራተኛ ነበር። አንድ ቻይናዊ አለቃው የሰጠውን፣ መሃሉ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ያለው ሳንቲም ትቶልን አረፈ። እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ ከሳጥን ቁልፏ ጋር አስራው ኖረች። አሁን አንድ ሰው 'የሁለት ሺህ ዓመት ዕቃ ነው፣ ሽጪልኝ' ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ 'የውሸት ነው፣ የቁልፍ መያዣ ነው' ይላል። ማንን ልመን?"

እህቴ፣ እንኳን ይዘውት መጡ። ደብዳቤው ብቻ ቢሆን ይህን ያህል አልናገርም ነበር።

አንባቢ እንዲያየው ልንገረው። እህታችን ሳንቲሙን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ነው ያመጣችው። ፈትታ ጥቁሩ ጨርቄ ላይ አስቀመጠችው። ከፍ ከፍ ያለው ቦታ በመተሻሸት ብዛት ቢጫ ሆኗል። ፊደሎቹ ሥር ያለው ጎድጓዳ ግን ቡናማ፣ አንዳንዱ ቦታ ጥቁር ነው። ሚዛን ላይ 3.9 ግራም ሆነ። ስፋቱ 24 ሚሊ ሜትር ተኩል ነው።

ፊት ለፊቱ አራት ፊደል አለው። መጀመሪያ ላይኛው ይነበባል፣ ከዚያ ታችኛው፣ ከዚያ የቀኙ፣ በመጨረሻ የግራው። "ቺየንሎንግ ቶንግ ባዎ" ይላል። ቺየንሎንግ የንጉሡ የዘመን ስም ነው። "ቶንግ ባዎ" ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወር ሀብት ማለት ነው። ጀርባው ላይ እንደ ተቋጠረ ክር ወደ ታች የሚወርድ ጽሑፍ አለ፣ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። እሱ ቻይንኛ አይደለም፤ ማንቹኛ ነው። በዚያ ጊዜ ቻይናን የገዙት የቺንግ ነገሥታት ማንቹዎች ነበሩ። የግራው ቃል "ቦ" ይባላል፣ የቀኙ ሳንቲሙ የተሠራበትን ቦታ ይናገራል። የእርስዎ ቤጂንግ፣ የገንዘብ ሚኒስቴሩ ማምረቻ የተሠራ ነው።

ቺየንሎንግ የነገሠው እ.ኤ.አ. ከ1736 እስከ 1795 ነው። ስለዚህ ገዢዎም ወንድምዎም ተሳስተዋል። ሁለት ሺህ ዓመት አይሞላውም። የቁልፍ መያዣ ተብሎ የተሠራም አይደለም። እውነተኛ ሳንቲም ነው።

እንዴት አወቅሁ? መጀመሪያ ያየሁት ጠርዙን ነው። ብዙ ሰው ፊደሉን ሲያይ ይውላል፤ ሐሰተኛ ሠሪም የሚደክመው ለፊደሉ ነው። እንዲህ ያለው ባለ ቀዳዳ የቻይና ሳንቲም እንደኛ ስሙኒ በማሽን ተመትቶ አልወጣም። ቀልጦ ፈስሶ ነው። በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ አንድ የመሃል ቦይ ይሠራሉ፣ ከቦዩ ግራና ቀኝ ሳንቲሞቹ ይያያዛሉ። ሲቀዘቅዝ ቅርንጫፉ ላይ ፍሬ እንዳንጠለጠለ ዛፍ ሆኖ ይወጣል። እየሰበሩ ያወርዷቸዋል። ከዚያ አራት ማዕዘን ዘንግ ላይ በቀዳዳቸው ይደረድሯቸውና ጠርዛቸውን በአንድነት ይሞርዳሉ። ቀዳዳው ክብ ቢሆን ኖሮ ሲሞረድ ይሽከረከር ነበር፤ አራት ማዕዘን ሲሆን ይቆማል። በእርስዎ ሳንቲም ጠርዝ ላይ ያ የሞረድ ጭረት በአጉሊ መነጽር ዛሬም ይታያል። ለእኔ፣ ዕድሜዬን ሞረድ ይዤ ለኖርኩ ሰው፣ ይህን ማየት የማላውቀውን የሙያ ወንድሜን እጅ እንደመጨበጥ ነው።

ሁለተኛው ምልክት ቀዳዳው ነው። ከአራቱ የቀዳዳው ማዕዘኖች ሦስቱ ጥርት ያሉ ናቸው። አንዱ ግን ተበልቶ ክብ ሆኗል፣ ያበራልም። የእናትዎ የቁልፍ ክር ለአርባ ዓመት የጎተተው እሱን ነው። ሐሰተኛ የሚሠራ ሰው ሳንቲሙን ሲያስረጅ ሁሉንም ቦታ እኩል ይፈትገዋል። ኑሮ ግን እኩል አይፈትግም።

ሦስተኛው ብረቱ ነው። ይህ ናስ ነው፣ መዳብና ዚንክ የተቀላቀለበት። ቻይናዎች ሳንቲማቸውን ከነሐስ ወደ ናስ የቀየሩት በሚንግ ነገሥታት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ16ኛው ክፍለ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት የነበረው መዳብ፣ እርሳስና ቆርቆሮ ተቀላቅሎ የተሠራ ነሐስ ነው። ስለዚህ ቢጫ ናስ ይዞ "ሁለት ሺህ ዓመት" የሚል ሰው ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

ወደ ዋጋው ስንመጣ ደስ የማይል ነገር ልንገርዎ። ርካሽ ነው። ንጉሡ 60 ዓመት ነግሦ ያሠራው ሳንቲም ስፍር ቁጥር የለውም። እኔ ብሆን አልሸጠውም። ጃንሆይ በ1964 ዓ.ም. ቤጂንግ ሄደው ከማኦ ጋር ከተገናኙ በኋላ ነው የቻይና መንገድ ሠሪዎች ወደ ወሎ የመጡት። አባትዎ ድልብ በሚባለው ቦታ ድንጋይ ሲፈልጡ ነው ሳንቲሙ የተሰጣቸው ብለውኛል። እንግዲያው ዛሬውኑ ወረቀት ይውሰዱና የአባትዎን ስም፣ የሠሩበትን ቦታ፣ የሰጣቸው ሰው ምን ሥራ እንደነበረው ይጻፉ። ወረቀቱን ከሳንቲሙ ጋር ያስቀምጡ። ቺየንሎንግ የሚል ሳንቲም ሞልቷል። ድልብ ላይ የተሰጠ ግን እኔ በ30 ዓመት ያየሁት ይህን አንዱን ነው።

ከኮምቦልቻ

"ሰላም ጋሼ። ፋብሪካ ውስጥ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ቻይናዊ ወደ አገሩ ሲመለስ በቀይ ክር የታሰሩ አምስት ሳንቲሞች ሰጠኝ። ጠቁረው ስለነበር በሎሚና በአመድ አሸሁዋቸው፣ አሁን ወርቅ መስለዋል። ስንት ያወጣሉ?"

ልጄ፣ ከእጥበቱ ልጀምር። ሁለተኛ እንዳታደርገው። የቆየ ሳንቲም ላይ ያለው ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ቆዳው ነው። መቶና ሁለት መቶ ዓመት ወስዶ የተሠራውን ነገር ሎሚ በአምስት ደቂቃ ይበላዋል፣ ከዚያ ማንም አይመልሰውም። የሚያውቅ ገዢ የታጠበ ሳንቲም ሲያይ ፊቱን ያዞራል።

ደግነቱ የአንተ አልተጎዳም፣ አዲስ ስለሆነ። በላክኸው ፎቶ ላይ የአምስቱን ጀርባ ጎን ለጎን እያቸው። ከቀዳዳው በስተቀኝ፣ ከፊደሉ ሥር፣ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። አምስቱም ላይ እዚያው ቦታ ናት። ስሞቹ ሹንጂ፣ ካንግሺ፣ ዮንግጀንግ፣ ቺየንሎንግና ጂያቺንግ ናቸው። የመጀመሪያው የነገሠው እ.ኤ.አ. በ1644 ነው፣ የመጨረሻው የሞተው በ1820። 176 ዓመት ሙሉ አንድ እብጠት ቦታዋን ሳትለቅ ከአምስት ንጉሥ ጋር አትኖርም። የአምስቱም ጀርባ ከአንድ ቅርጽ የወጣ ነው።

ጓደኛህ ግን አላታለለህም። ቻይናዎች የእነዚህን አምስት ነገሥታት ሳንቲም አንድ ላይ አስረው በር ላይ ወይም መኪና ውስጥ ይሰቅላሉ፤ ክፉ ይመልሳል፣ ሲሳይ ይጠራል ብለው። ለዚሁ ተብሎ አዲስ እየተሠራ በየሱቁ ይሸጣል። መልካም ምኞቱን ነው የሰጠህ። ቤትህ ስቀለው።

ከባቲ

"አሰላሙ አለይኩም። ሰኞ ገበያ ላይ ከማርያ ትሬዛዎች ጋር ተቀላቅሎ አንድ ትልቅ የብር ሳንቲም አገኘሁ። ራሱ የተላጨ፣ ጢም ያለው ወፍራም ሰው አለበት። ጽሑፉ የቻይና ነው። ብር መሆኑን ሳልቆርጠው እንዴት ልወቅ?"

ወአለይኩም ሰላም ወንድሜ። እንኳን አልቆረጥከው። ያ ሰው ዩዋን ሺካይ ይባላል፣ የቻይና ሪፐብሊክ ፕሬዚዳንት የነበረ። ሳንቲሙን ቻይናዎች "ዩዋን ዳ ቶው" ይሉታል፤ ትልቅ ጭንቅላቱ ዩዋን እንደማለት ነው። በወርድ ከማርያ ትሬዛ ጋር ብዙም አይበላለጥም፣ 39 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ክብደቱ ግን ያንሳል። ማርያ ትሬዛ 28.07 ግራም ናት፣ ይህኛው ወደ 26.7 ነው። 22 ወይም 23 ግራም ከሆነብህ ሌላ ምርመራ አያስፈልግህም፣ ውሸት ነው።

ክብደቱ ልክ ከሆነ ወደ ውሃው ሂድ። እኔ ሱቄ ውስጥ እንዲህ አደርጋለሁ። በዲጂታል ሚዛኑ ላይ ግማሽ ድረስ ውሃ የያዘ ብርጭቆ አስቀምጣለሁ፣ ሚዛኑን ዜሮ አደርገዋለሁ። ሳንቲሙን በቀጭን ክር አስሬ ውሃው ውስጥ አንጠለጥለዋለሁ። መስጠም አለበት፣ ግን ታቹንም ጎኑንም መንካት የለበትም። ሚዛኑ የሚያሳየው ቁጥር ሳንቲሙ የገፋውን ውሃ ነው። የዩዋን ሺካይ ብር 89 ከመቶ ንጹሕ ብር ስለሆነ 2.6 ገደማ ያሳያል። ማርያ ትሬዛ ወደ 2.75። ያንኑ ያህል ክብደት ያለው የመዳብና የኒኬል ሐሰተኛ ግን 3 ይደርሳል። በጣት ስትዳስሰው ልዩነቱ አይሰማህም። ውሃው ግን ያውቃል።

ቀጥሎ ዓመቱን እይ። ከጭንቅላቱ በላይ ከቀኝ ወደ ግራ የተጻፈ አለ። እንደ ዐረብኛ ነው የሚነበበው፣ ለአንተ አይከብድም። ይህ ዓይነቱ ባለ አንድ ዩዋን የሪፐብሊኩ 3ኛ፣ 8ኛ፣ 9ኛ እና 10ኛ ዓመት ብቻ ነው የተጻፈበት፤ እ.ኤ.አ. 1914፣ 1919፣ 1920 እና 1921 ማለት ነው። የ3ኛው ዓመት ስድስት ፊደል አለው፣ የቀሩት ሰባት ሰባት። ሦስት ቁጥር ሦስት አግድም መስመር ስለሆነ ወዲያው ታገኘዋለህ። ፊደሎቹን ቆጥረህ ጻፍልኝ።

ከደሴ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ

"የጥንት የቻይና ሳንቲም መሰብሰብ መጀመር እፈልጋለሁ። ከሁሉም ጥንታዊ ከሆነው ልጀምር ወይስ ከቅርቡ? ደግሞስ በድሮ ጊዜ የቻይና ሳንቲም ወደኛ አካባቢ ደርሶ ያውቃል?"

ከሁለተኛው ልጀምር። እኛ ጋ ሳይሆን ጎረቤታችን ኬንያ ተገኝቷል። ላሙ አጠገብ ማንዳ በምትባል ደሴት ላይ ተመራማሪዎች "ዮንግሌ ቶንግ ባዎ" የሚል ሳንቲም አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ አደረጉ። ዮንግሌ አድሚራል ጀንግ ሄን በግዙፍ መርከቦች ወደ ምዕራብ የላከው ንጉሥ ነው፤ የጀንግ ሄ ጉዞዎች ከ1405 እስከ 1433 ድረስ ቆይተዋል። ወደኛ አገር ስንመጣ፣ ድሬዳዋ አጠገብ ሐርላ ላይ በተደረገው ቁፋሮ ከቻይና የመጡ ዕቃዎች ወጥተዋል። ንግዱ በባሕር እየመጣ ወደ ደጋው ይዘልቅ እንደነበር ማሰብ ይቻላል።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ። ከመሃል ጀምር። የሰሜን ሶንግ ነገሥታትን ሳንቲም ፈልግ፣ እ.ኤ.አ. ከ960 እስከ 1127 ያለውን። ብዙ ሰው ይህን ስነግረው አያምነኝም፤ የሺህ ዓመት ዕቃ ተማሪ የሚገዛው ይሆናል ወይ ይለኛል። ይሆናል። በ1080 በአንድ ዓመት ብቻ ከ5 ሚሊዮን ጉንጉን በላይ ሳንቲም አምርተዋል። አንድ ጉንጉን በስሙ 1,000 ሳንቲም ነው። ዛሬም ድረስ ከመሬት በማሰሮ እየወጣ ነው። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አይሆንም። ርካሽ ስለሆነም ሐሰተኛው ያንሳል፤ የማያተርፍበትን ማን ይደክምበታል?

ከዋጋው በላይ ግን የምወደው ጽሑፉን ነው። ሶንጎች አንዱን ሳንቲም በሁለትና በሦስት ዓይነት የእጅ ጽሑፍ ያወጡት ነበር። ንጉሥ ታይጾንግ በ990 የወጣውን ሳንቲም በሦስት ዓይነት አጻጻፍ ራሱ ጻፈው። ንጉሥ ኋይጾንግ ደግሞ ሠዓሊና ጸሐፊ ነበር። ከ1102 እስከ 1106 የወጣው "ቾንግኒንግ ቶንግ ባዎ" ላይ ያለው ቀጭን፣ ጫፉ የሰላ ፊደል የእሱ ነው። ወሎ የብራናና የአጀም ጽሑፍ አገር ነው። የቁም ጸሐፊን እጅ ከእጅ መለየት የሚችል ዓይን አድገህበታል። ያንኑ ዓይን እዚህ አምጣው። ዘመኑንም እውነቱንም ያሳይሃል።

ከጥንታዊው ለመጀመር የምትጓጓ ከሆነ ግን የደረሰብኝን ስማ። ሥራ በጀመርኩ በጥቂት ዓመቴ አንድ ሰው 12 የ"ዉ ጁ" ሳንቲሞች በሲባጎ አስሮ አመጣልኝ። ዉ ጁ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ118 የሃን ንጉሥ ዉ የጀመረው ሳንቲም ነው። የታንግ ነገሥታት እ.ኤ.አ. በ621 በ"ካይ ዩዋን ቶንግ ባዎ" እስኪተኩት ድረስ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ አገልግሏል። ሁለት ፊደል ብቻ አለው። የቀኙ በላይና በታች መስመር አለው፣ በመሃላቸው ሁለት መስመር ይተላለፋሉ። በጣም አማረኝ። የአንድ ወር ገቢዬን ሰጠሁት።

ማታ ፋኖስ አጠገብ ደረደርኳቸው። አረንጓዴው ዝገት ደስ ይላል። አንዱን ገለበጥኩ። ጠርዙ ላይ ከላይ በስተግራ ትንሽ ስንጥቅ አለ። ሁለተኛውን አነሳሁ፣ ስንጥቁ እዚያው። ሦስተኛውም። አሥራ ሁለቱም። ሙቅ ውሃ ውስጥ ብጨምራቸው አረንጓዴው ለስልሶ በጥፍሬ ተላጠ፣ ቀለምና ሙጫ ነበር። ከሥሩ አዲስ ነሐስ ወጣ። ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ብረት ማቅለጥ ሙያዬ ሆኖ፣ ማየት ያለብኝን ነገር ፍላጎቴ ሸፈነብኝ።

ሙያዬ ማስታወስ የነበረበት ይህን ነው። በሰም መስቀል ስንሠራ፣ ነሐሱ ከቀዘቀዘ በኋላ የሚወጣው መስቀል ከሞዴሉ ጥቂት ያንሳል። ቀልጦ የፈሰሰ ነገር ሲቀዘቅዝ ይኮማተራል። እውነተኛ ሳንቲም ላይ ቅርጽ አንስቶ ሐሰተኛ የሚያፈስ ሰው ከዚህ አያመልጥም። የ25 ሚሊ ሜትሩ ሳንቲም ግማሽ ሚሊ ሜትር ገደማ ያንስበታል፣ ፊደሉም ይደበዝዛል። ስፋት የሚለካ ካሊፐር ግዛ፣ እስከ ግራሙ መቶኛ የሚያነብ ሚዛን ግዛ። ከመጀመሪያው ሳንቲም በፊት እነሱን።

እውነተኛ ዝገት ድርብርብ ነው። ከላይ አረንጓዴ፣ ከሥሩ ቀይ ቡናማ፣ ከዚያ ብረቱ። ጠንካራ ነው፣ በጥፍር አይላጥም። ማግኔትም ያዝ። ሳንቲሙ ከሳበ ግን ወዲያው አትጣለው፤ ሶንጎች በሲቹዋን የብረት ሳንቲም ይጠቀሙ ነበር። ነሐስ ተብሎ የተሸጠልህ ነገር ከሳበ ነው ነገሩ ያለቀለት።

ከሐይቅ አካባቢ

"ማሳዬን ሳርስ ጥፍር የምታህል አረንጓዴ ሳንቲም አገኘሁ። ቀዳዳ የላትም። ጽሑፏ አልገባኝም። የቻይና ትሆን?"

አባቴ፣ የቻይና አይደለችም። ፎቶው ደብዘዝ ቢልም መሃሏ ላይ የሰው ራስ፣ ግራና ቀኙ ላይ የእህል ዛላ የሚመስል፣ ከላይ ደግሞ መስቀል ይታየኛል። የአክሱም ትመስላለች። አክሱሞች ከ3ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ሳንቲም አሠርተዋል፤ መስቀሉ የገባው ከንጉሥ ኢዛና ወዲህ ነው። ስለዚህ ከእኔም ሆነ ከሌላ ሰው ጋር ስለ ዋጋ አይነጋገሩ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት እንዲህ ያለ ነገር ድንገት ያገኘ ሰው ማስታወቅ አለበት። የያዘችውን አፈር አይጠቧት። ያገኙበት ቦታ ላይ ድንጋይ አቁመው ምልክት ያድርጉ፣ ስንት ስንዝር ጥልቀት ላይ እንደነበረች ይጻፉ። ከዚያ በወረቀት ጠቅልለው ወደ ወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይውሰዷት። ማሳው ላይ ሌላ ብቅ ካለም እንዳለ ይተዉትና ባለሙያ እስኪመጣ እዚያ ቦታ ላይ በሬዎቹን አያስገቡ።